ማሳወቅ ልመና አይደለም
(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ለከተማ ነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር)




 ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሥራ አጥነት ባልደረቦቼ በሰፊው ያስረዷችኋል። እኔ የምናገረው ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ይህ ስብሰባ እንዲካሄድ የጻፍናት የማሳወቂያ ደብዳቤ! ስለ ዳቦ ለመጠየቅም ቢሆን በመጀመሪያ መሰብሰብ ያስፈልጋልና።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር በመሆን መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጓል። ዝርዝር አሠራሩ የሚገኘው ከሕገ መንግሥቱ በፊት በሽግግሩ ዘመን በወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። አዋጁ በአንቀጽ 4 ሰልፍ ወይም ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የሚጠራ ወገን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። በደብዳቤው ላይ ዓላማው፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ሰልፍ ከሆነም የሚያልፍበት መንገድ፣ የሚጠበቀው የሰው ብዛት፣ ከመንግሥት የሚፈለገው እርዳታ፣ የአዘጋጁ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሰፍራል።

ልብ በሉ! ሕጉ «ያሳውቅ» አለ እንጂ «ፈቃድ ይለምን» አላለም። የከተማው አስተዳደር ቦታው ወይም ሰዓቱ ቢለወጥ ይሻላል ብሎ ካመነ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ደብዳቤው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ለአዘጋጁ እንዲያስታውቅ አንቀጽ 6 ግዴታ ጥሎበታል። «በየትኛውም ቦታ፣ በየትኛውም ጊዜ አይደረግም» ለማለት ግን ሥልጣን የለውም። ሁለቱም ወገን ግዴታ አለበት፤ የዜጋው 48 ሰዓት፣ የባለሥልጣኑ 12 ሰዓት ነው። በአገራችን ግን የዜጋው ሰዓት ብቻ ሲቆጠር ኖሯል።

በተግባር ምን ይሆናል?

ከዓመታት በፊት በአንድ ከተማ የውሃ ችግርን የሚመለከት ሕዝባዊ ስብሰባ ለመጥራት እኔው ራሴ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ስብሰባው ሊደረግ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ «መጀመሪያ ኃላፊው ይዩት» አለችኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በማግስቱ ተመለስኩ፤ መስክ ወጥተዋል። በሦስተኛው ቀን አገኘኋቸው፤ «ከበላይ አካል ጠይቄ ነገ አሳውቅሃለሁ» አሉኝ። በአራተኛው ቀን የተሰጠኝ መልስ «48 ሰዓት አልቀረውም፤ ዘግይታችኋል» የሚል ነበር። በቃል እንጂ በጽሑፍ አይደለም። በዚያው ቀን ማታ የአዳራሹ ባለቤት ቀብዳችንን መለሰልን። «ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ» አለ እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጠም። እኔም አልጨቀጨቅሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ያልሰሙ ሰዎች መጡ። ጀሪካን ተሸክመው ከቦኖ ውሃ መልስ የቆሙ እናቶች ነበሩበት። በሩ ተዘግቶ ሲያዩ ከመካከላችን ወጣቶቹ «እዚሁ መንገድ ላይ እንሰብሰብ» አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። ፈሪ ያሉኝ ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም። ሆኖም እናቶቹን ከፖሊስ ዱላ ፊት አቁሜ እኔ ጀግና መባል አልፈለግሁም። በዚያው ሳምንት አዲስ ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ላክን፤ ቀኑን የሚያሳይ ደረሰኝ በእጃችን ገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስብሰባው ተካሄደ። ያን ጊዜ የተማርኩት ትምህርት ሕግ ትምህርት ቤት ካስተማረኝ ይበልጣል፤ መብት ያለ ማስረጃ በቃል ይሰረዛል።

ይሁን እንጂ እውነቱ ይነገር ካልን የራሳችንም ጥፋት አለ። በሌላ ጊዜ የቅስቀሳ መኪናችን ሞንታርቦውን ከፍቶ በሆስፒታል አጥር ሥር አለፈ። የትራፊክ ፖሊሱ አስቆመን፤ ልክ ነበር። አዋጁ ከሆስፒታል፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከመቃብር ቦታና ከኤምባሲ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍና ስብሰባ እንዳይደረግ ይከለክላል። ታማሚው ሊመርጠንም ላይመርጠንም ይችላል፤ እንቅልፉን መንሳት ግን አንችልም። ይቅርታ ጠይቀን መንገዳችንን ቀየርን።

ያለፈው ምን አስተማረን?

በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ 29 ገዥው ፓርቲ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ደግሞ ቅንጅት በመስቀል አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሰበሰቡ። ሕዝቡ በሰላም ወጥቶ በሰላም ተመለሰ። ከሳምንት በኋላ፣ ድምፅ በተሰጠበት በግንቦት 7 ምሽት፣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰልፍ ለአንድ ወር ተከለከለ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 የብዙ ወገኖቻችን ሕይወት አለፈ። ከዚያ ወዲህ አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ በአዲስ አበባ ሰፊ ሰልፍ ለማድረግ የቻለው ግንቦት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። ስምንት ዓመት! በር የተዘጋበት ቅሬታ ይጠራቀማል እንጂ አይጠፋም። ሕዝብ በአደባባይ የሚናገርበት አገር ከሚያንሾካሽክበት አገር ይልቅ ለመንግሥትም ጭምር የተረጋጋ ነው።

ብትመርጡን ምን እናደርጋለን?

1ኛ. ማንኛውም የማሳወቂያ ደብዳቤ እንደቀረበ መዝገብ ቤት ቀንና ሰዓት ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ግልባጩን ወዲያውኑ እንዲመልስ እናደርጋለን። ኃላፊው ኖሩም አልኖሩም።

2ኛ. በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱ በጽሑፍ ካልተገለጸ ማሳወቂያው ተቀባይነት እንዳገኘ ይቆጠራል፤ ፖሊስም ጥበቃ የመመደብ ግዴታ ይኖርበታል። በጽሑፍ የተሰጠ መልስ በፍርድ ቤት ሊመረመር ይችላል። በቃል የተሰጠ ግን ነፋስ ይወስደዋል።

3ኛ. በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ አዳራሾች የኪራይ ዋጋ በበራቸው ላይ ይለጠፋል። ለገዥ ፓርቲ፣ ለተቃዋሚ፣ ለእድርና ለወጣት ማኅበር አንድ ዋጋ፣ አንድ ተራ ይሆናል።

4ኛ. አዋጁ እንዲሻሻል ረቂቅ እናቀርባለን። አውራጃ የሚባለው አስተዳደር ከቀረ ስንት ዘመኑ ነው? አዋጁ ግን አሁንም ይጠራዋል። ከጦር ሠራዊትና ከጸጥታ ተቋማት 500 ሜትር መራቅን ያዛል። ይህ በየአንዳንዱ ተቋም ዙሪያ ወደ 78 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነው። ፖሊስ ጣቢያው መሐል አደባባይ ላይ ባለበት ትንሽ ከተማ ሕጉ ቃል በቃል ከተተረጎመ ሕዝብ የሚሰበሰበው እርሻ ውስጥ ነው!

5ኛ. ይህ ሁሉ እኛን በሚቃወሙ ላይም በእኩል ይሠራል። ነገ ሥልጣን ብንይዝና ተቃዋሚዎቻችንን «ነገ ተመለሱ» ብንል ይህንን ጽሑፍ አምጥታችሁ በፊታችን አንብቡልን።

ከእናንተ የምንጠይቀው

የተከበራችሁ ወገኖች፣ መብትን የሚያስከብር ግዴታውን የሚያከብር ነው። ወደ ስብሰባችን ስትመጡ ባዶ እጃችሁን ኑ፤ ዱላም ድንጋይም አያስፈልገንም። አስተባባሪዎቻችንን ስሙ። ከተነገረው መንገድ አትውጡ። የሰው ሱቅ በር አትዝጉ። ስንበተን ወረቀቱንና የውሃ ጠርሙሱን አንስተን እንሂድ። በየወረዳችሁ ስብሰባ ስትጠሩም ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ሰጥታችሁ በሌላው ላይ አስፈርሙ። እምቢ ካሏችሁ በአደራ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን አስቀምጡ።

በድሮ ዘመን ሁለት መንገደኞች ሲጣሉ ሦስተኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ ሁለቱም ይቆሙ ነበር። ዳኛም ወታደርም በአጠገባቸው አልነበረም። አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ያሉትም ለዚህ ነው። እኛ ይህንን ምርጫ ብንሸነፍ በሕግ እስከሆነ ድረስ በቅሎዋ ትሂድ። የመሰብሰብ መብታችን ግን ጭብጦ ብታክልም ያለ ሕግ አትወሰድም።

እንግዲህ ለመንግሥትም፣ ለፖሊስም፣ ለራሳችንም የምንለው አንድ ቃል ነው፦ በሕግ አምላክ!