የኅዳር ውርጭ ለምን ዘገየ?



የዛሬው ንግግሬ ከራሴ ስሕተት የሚነሣ ነው። በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት በአንድ የኅዳር ወር ሌሊቱ ከወትሮው ሞቆ ሰነበተ። አንድ ሠልጣኝ «መምህር፥ ዘንድሮ ውርጩ ለምን ቀረ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላመነታ «ዓለም እየሞቀች ስለ ሄደች ነው» አልሁት፤ ሁሉም በየደብተራቸው ጻፉት። በሳምንቱ የአካባቢውን ባቄላ ውርጭ መታው። ያው ሠልጣኝ ተነሥቶ «እንግዲያስ ያስተማሩን ሐሰት ነበርን?» ቢለኝ፥ የምመልሰው አጣሁ።

መልሴ ሐሰት አልነበረም፤ ጎደሎ ግን ነበር። በበጋ የደጋው ሌሊት የሚበርደው ሰማዩ የጠራ፥ አየሩም ደረቅ ስለ ሆነ ነው። ምድር በቀን ከፀሐይ የተቀበለችው ሙቀት የሚይዘው አጥቶ በሌሊት ወደ ላይ ይበተናል። ደመናና እርጥበት ሲመጣ ግን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያስቀረዋል። እንግዲህ ጥቂት ሌሊቶች ቢሞቁ አስቀድመን ልንመለከት የሚገባን ሰማዩን ነው።

ደመናውንስ ምን አመጣው ቢሉ፥ ብዙ ጊዜ የውቅያኖስ ሙቀት ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቃዊው ይልቅ አብዝቶ በመሞቁ፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በምሥራቅ አፍሪካ ከልክ ያለፈ ዝናም ዘነመ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤልኒኞ የተባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት የኢትዮጵያን የክረምት ዝናም አሳጥቶ ድርቅ አስከተለ። በዚያው ዓመት ብርድ ሊጸና በሚገባው በፈረንጆች የልደት ዋዜማ፥ የኒውዮርክ ከተማ ሙቀት 22 ዲግሪ ደረሰ፤ ለዚህም ኤልኒኞው አንዱ ምክንያት ነበረ።

ከእነዚህ ሁሉ ሥር ቀስ ብሎ የሚያድግ ሌላ ምክንያት አለ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል ነበር፤ በድንጋይ ከሰልና በነዳጅ ቃጠሎ ምክንያት ዛሬ ከ420 አልፏል። የምድርም አማካይ ሙቀት ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል። ይህ የሚመዘነው በአንድ ሳምንት አይደለም፤ 30 ዓመት ያህል በተጠራቀመ መዝገብ ነው። የአንድ ሌሊት ውርጭ አያፈርሰውም፤ የአንድ ሌሊት ሙቀትም ብቻውን አያስረዳውም።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን በር ጥላ ሥር ቴርሞሜትር ሰቅለን፥ ሠልጣኞቹ በየማለዳው የሙቀቱን ልክና የሰማዩን መልክ ይመዘግባሉ። እነርሱም ነገ በየገጠሩ ያስተምራሉ፤ ገበሬውም ስለ አዝመራው ሲጨነቅ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጁን ይጠይቃል። ልጁ የሚያደርሰው የእኛን ቃል ነውና፥ ከመመለሳችን በፊት እንመዝን፤ ስንሳሳትም በዚያው ተማሪ ፊት እናርም እላለሁ።