ንጉሥ ሲወርድና ዙፋን ሲወድቅ



በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ንጉሥ ማውረድ ብርቅ አልነበረም። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስም ደጋግመው ነግሠው ደጋግመው ወረዱ። ዙፋኑ ግን አልወደቀም። አውራጆቹ መሳፍንት ነበሩና በስሙ የሚገዙበት ዙፋን ያስፈልጋቸው ነበር። የደጋው ገበሬ ከመገበር በቀር በነገሩ ድምፅ አልነበረውም።

በ1966 ዓ.ም. የሆነው ግን ሌላ ነው። የወሎ ረኀብ ተሸሽጎ መክረሙ መንግሥቱን አሳጣው። በጥር የነገሌ ቦረና ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውሃ አመፁ። የካቲት 11 ቀን ባለታክሲዎች በቤንዚን መወደድ፣ መምህራን በደመወዝና በትምህርት ለውጡ ዕቅድ ምክንያት ሥራ አቆሙ። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ቀጥሎም የሠራተኞች ጠቅላላ አድማ፣ ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ስለ ሃይማኖት እኩልነት የተደረገው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ መጣ።

በመጀመሪያ ዙፋኑ ይውረድ ያሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኛው የጠየቀው ዳቦውን፣ ደመወዙንና ክብሩን ነው። ጥያቄው ሁሉ በአንድ ዓመት ሲደራረብ ግን ለዘውዱ የሚቆምለት ሰው ታጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ፤ በመጋቢት ዘውዱ ራሱ ተሻረ።

ይሁን እንጂ መምህሩን፣ ባለታክሲውንና ሠራተኛውን በአንድነት የሚወክል ድርጅት አልነበረም። በሰኔ 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ደርግ ባዶውን ቦታ ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን የቀበሩ የጎንደር ወላጆች የዚህን ጉድለት ዋጋ ከፈሉ።