ዘይት በመንፈቀ ሌሊት አይበደርም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፈተና ዝግጅት ነው። ከእናንተ መካከል፥ «ይህ የመምህራን ጉዳይ ነው እንጂ የስብከት ጉዳይ ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሰው መልስ የሚሰጠው ወንጌል ራሱ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የዐሥሩን ደናግል ምሳሌ ነግሮናል። ዐሥሩም መብራታቸውን ይዘው ሙሽራውን ሊቀበሉ ወጡ፤ ዐሥሩም በመጠበቅ ደክመው አንቀላፉ። በመንፈቀ ሌሊት ድምፅ በተሰማ ጊዜ ዐሥሩም ተነሥተው መብራታቸውን አዘጋጁ፤ አምስቱ ግን ዘይት አጥተው የሰው እጅ ማየት ጀመሩ። ልብ በሉ፤ ልባሞቹ ዘይታቸውን ያላካፈሉት ከንፍገት የተነሣ አይደለም። ያ ዘይት ቀን ሳለ የሚዘጋጅ ነበር እንጂ በዚያች ሰዓት የሚበደሩት አልነበረም።

የዚህ ምሳሌ ወርቁ ስለ መንግሥተ ሰማያት ነው፤ ሰሙም ቢሆን ለዕለት ኑሯችን ብዙ ያስተምረናል። ወንጌል ስለ መንፈቀ ሌሊት ይናገራል፤ ልጆቻችን ደግሞ የመንፈቀ ዓመት ፈተና አለባቸው። ድምፁ ሲሰማ ዘይቱ በማሰሮው ውስጥ ያልተገኘ ተማሪ፥ የዚያን ዕለት ማንም ሊያበድረው አይችልም።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የዋድላ ከተማ ኮን፥ እንደ ሌሎቹ የደጋ ከተሞች ሁሉ፥ ከገጠር ቀበሌ የሚመጡ ተማሪዎችን ትቀበላለች። ወላጆቹ ርቀው የሚኖሩ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋራ ትንሽ ክፍል ይከራያል። በሰንበት ወደ ቤቱ ወጥቶ በሶውን፥ ዳቦ ቆሎውንና ድርቆሹን በትከሻው ተሸክሞ በእግሩ ይመለሳል። ራሱ ያበስላል፤ ራሱ ያጥባል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈችውን ጊዜ ለደብተሩ ይሰጣል።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አጋማሽ ፈተና ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በኅዳር ወር አካባቢ ነው። ኅዳር በደጋ ምን ዓይነት ወር እንደ ሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ገብሱና ስንዴው ይታጨዳል፤ ባቄላው ይነቀላል፤ ዐውድማ ይለቀለቃል። አባት፥ «ልጄ ለዚህ ሳምንት ብቻ ይርዳኝ» ይላል። አባትም አልዋሸም፤ እህሉ ካልተሰበሰበ የልጁ ስንቅ ራሱ አይገኝም። ልጁም ማጭዱን ይይዛል፤ ደብተሩ በኪራይ ቤት ይቀራል፤ ሰኞም ፈተናው ይደርሳል። ይህ የሁለት እውነተኛ ግዴታዎች ግጭት ስለ ሆነ በቍጣ አይፈታም፤ በምክር ይፈታል እንጂ።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስለን ጥቂት ቍጥር እናንሣ። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቍጥጥር ተሰጠ። በመላው አገራችን ከተፈተኑት መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆነ። ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስቱ ሲወድቁ፥ «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው» ብሎ መዝጋት ፍርድን ማጣመም ነው። እነዚህ ልጆች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ ገብቶ ብዙ ትምህርት ቤት ተጐድቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል። ማሰሮው በመንገድ ላይ የተሰበረበት ልጅ ዘይት ቢያንሰው ልንረዳው እንጂ ልንሰድበው አይገባም።

እንዴት እንርዳው? መልሱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። ዋድላ የቅኔ አገር ናት፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋራ ስሟ የሚጠራ የቅኔ ቤት ባለቤት ናት። አባቶቻችን በዚያ ጉባኤ ተማሪን እንዴት ያዘጋጁት እንደ ነበር እንመልከት።

መጀመሪያ፥ ዕውቀትን በአንድ ሌሊት አይጭኑበትም ነበር። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በዘአምላኪየ፥ በሚበዝኁ፥ በዋዜማ እያለ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። ግሱንም በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ያጠናል። ሁለተኛ፥ ተማሪው ሰምቶ ብቻ አይተኛም። ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ቅኔውን በልቡ ይቈጥራል፤ ከዚያም ያለ መጽሐፍ በመምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩም የጐደለውን ይሞላለታል፤ የጠመመውን ያቀናለታል። ሦስተኛ፥ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ በማስቀጸሉም ራሱ ይጸናል።

ልጆቼ ተማሪዎች ሆይ፤ ይህ ለሒሳብም፥ ለፊዚክስም፥ ለታሪክም ይሠራል። ደብተርን ዐሥር ጊዜ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል፤ ደብተሩን ዘግቶ መናገር ግን ያወቁትንና ያላወቁትን ይለያል። በዘመናችን ስለ ትምህርት የመረመሩ ሊቃውንትም ከልብ አውጥቶ የተናገሩት ነገር ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ እንደሚጸና፥ በየቀኑ ተከፋፍሎ የተጠናውም በአንድ ሌሊት ከተከመረው ይልቅ እንደሚቈይ መስክረዋል። ስለዚህ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ትምህርቱን በየቀኑ ክፈሉት። ሒሳቡን በዓይን አትመልከቱት፤ ጥያቄውን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ መልሱን ሳታዩ ሥሩት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ ተረዱት፤ ከዚያም ቃሉን እንደ ግስ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ያዙት። በፈተናው ዋዜማም ተኙ፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ያከማቸውን አያገኘውም።

ወላጆች ሆይ፤ አሁን ቃሌ ወደ እናንተ ነው። «እኔ ያልተማርሁ ገበሬ ነኝ፤ ልጄን በምን እረዳዋለሁ?» አትበሉ። ልጃችሁ ለሰንበት ወደ ቤት በመጣ ጊዜ፥ ማታ ከእሳቱ ዳር ስትቀመጡ ደብተሩን ተቀበሉት፤ ዝጉትም፤ «በዚህ ሳምንት የተማርኸውን ንገረኝ» በሉት። ፊደል ያልቈጠረች እናት ይህን ልታደርግ ትችላለች። እንዲያውም እርሷ የበለጠች ሰሚ ናት፤ ላላወቀ ሰው ማስረዳት የቻለ ተማሪ ነገሩን በእውነት ዐውቆታልና። ባልገባችሁ ጊዜ ጠይቁት። የሚያመነታበትን ስፍራ ራሱ ያየዋል፤ ነገ ከመምህሩ ይጠይቀዋል። ጌታችን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማቸውና ይጠይቃቸው እንደ ነበር ሉቃስ ጽፎልናል። መስማትና መጠየቅ የትምህርት ሁለት እግሮች ናቸው።

ስለ መኸሩም መላ አለን። ወንፈል የአባቶቻችን ጥበብ ነው። በአንድ መንደር ተማሪ ያላቸው ቤቶች አስቀድመው ተነጋግረው፥ የፈተናው ሳምንት ከመድረሱ በፊት የእነዚህን ቤቶች ዐጨዳ በወንፈል ቢያስቀድሙ፥ እህሉም ይሰበሰባል፤ ልጁም ለትምህርቱ ይተርፋል። የፈተናው ቀን ዛሬ ተጠይቆ ይታወቅ፤ በዕለቱ ከመደንገጥ ይሻላል።

ስለ ሴቶች ልጆቻችን ለይቼ መናገር ይገባኛል። ወንድሟ ሲያጠና እርሷ ውኃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ እንጀራ ትጋግራለች። መብራቱ ለእርሷ የሚደርሳት ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። በዚህም ላይ ጥር የሠርግ ወር ነው፤ የመንፈቀ ዓመቱም ማጠቃለያ ፈተና የሚደርሰው በጥር ነው። ስንት ልጅ ለፈተና ስትዘጋጅ ለሠርግ ተዘጋጅቶላት አግኝታዋለች! ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመትን ወስኗል፤ ሕጉም ባይኖር ኅሊና ነበረን። አባት ሆይ፤ ልጅህ ማሰሮዋን ልትሞላ ስትደክም ማሰሮውን ከእጇ አትንጠቅ። የንስሐ አባቶችም በየቤቱ ስትገቡ፥ «የልጅሽ ትምህርት እንዴት ነው?» ብላችሁ መጠየቅ ከአገልግሎታችሁ አንዱ ይሁን።

ዘይት መስሎ ዘይት ያልሆነ ነገርም አለ። ከሁሉ የሚቀድመው ኩረጃ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ተቋርጦ ነበር፤ ያልሰረቁትም ከሰረቁት ጋራ እንደ ገና ተንገላቱ። የጓደኛውን ወረቀት የሚገለብጥ ተማሪ የሌላውን መብራት ብርሃን ያያል እንጂ የራሱ መብራት ጨለማ ነው፤ ብቻውን በሚቀርብበትም ቀን ይጋለጣል። ሁለተኛው፥ ለፈተና ብሎ ወደ ጠንቋይ መሄድ፥ ክታብ ማንጠልጠልና አብሾ መጠጣት ነው። አብሾ ልቡና ይከፍታል ብለው የሚነግሯችሁን አትስሟቸው፤ አእምሮን የሚያናውጥ መርዝ ነው። ጸሎትስ? ጸልዩ፤ ሳታቋርጡ ጸልዩ። ነገር ግን ያልዘራ ገበሬ ለመኸር እንደማይጸልይ፥ ያላጠና ተማሪም ጸሎትን የስንፍናው መሸፈኛ አያድርጋት።

ይህን ሁሉ አድርጎ ልጁ ቢወድቅስ? የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ትምህርት አልገባው ብሎ፥ መምህሩ ጌዴዎን በቀጣው ጊዜ ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፥ ትሏ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ። ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ በትሏ ላይ እናቆማለን። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ይበልጣል፤ ያሬድ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ መምህሩም ተቀበለው። ያ በር ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የትሏ ትምህርት ብቻውን ምን በጠቀመ ነበር? እናንተም በዝቅተኛ ነጥብ የተመለሰውን ልጅ አትምቱት፤ በጎረቤት ልጅም አታሳፍሩት። የአጋማሽ ፈተና ጥቅሙ ይህ ነው፤ ገና ጊዜ ሳለ የጐደለውን ያሳየናል። የቀረበትን ትምህርት ለዩና እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ስጡት።

በመጨረሻም ቃሌ ለአጥቢያው ሁሉ ነው። በዚህ አገር የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በደጃችሁ ሲቆም፥ ከጎተራው ጥቂት ቢኖርም የቤቱ እመቤት ባዶ እጁን አትሰደውም ነበር። ልጁ የማን እንደ ሆነ አትጠይቅም፤ ተማሪ መሆኑ ይበቃት ነበር። የዋድላን ሊቃውንት ያፈራው የመምህሩ ትጋት ብቻ አይደለም፤ የዚያች እመቤት ቍራሽ እንጀራም ነው። ዛሬ በኮን ኪራይ ቤት ስንቁ ያለቀበት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አይለምንም፤ አኮፋዳም አልያዘም፤ ስለዚህ አናየውም። ሰንበቴ ስታወጡ፥ ጽዋ ስትጠጡ፥ ከማዕዱ ለእርሱ ይድረሰው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሹን በሰንበት ከሰዓት በኋላ ይክፈትላቸው፤ የ12ኛው የ9ኛውን ያስቀጽል። መብራት ያለው ጎረቤት መብራት የሌለውን ልጅ ይጥራ። ዘይቱን መሙላት የተማሪው ፈንታ ነው፤ ማሰሮውን መያዝና መንገዱን ማቅናት ግን የእኛ ነው።

ለሰሎሞን ጥበብን የሰጠ አምላክ ለልጆቻችን ማስተዋልን ይስጥ። የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች ይክፈት፤ ለአገራችን ሰላምን ያውርድ። በፈተና የሚቀመጡትን ከፍርሃት ይጠብቅ፤ የሚሰጧቸውንም በእውነት ያቁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።