የናታን በግ፦ ለቤተሰብ ሁሉ የሚሆን ተውኔት ስለ መምረጥ

(ለሰንበት ትምህርት ቤቶች የኪነ ጥበብ ክፍል አስተባባሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድንነጋገርበት የተሰጠን ርእስ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ወጣቶቻችን ለበዓላት፣ ለጉባኤያትና ለልማት ሥራችን የማስተማሪያ መርሐ ግብሮች ተውኔት ያዘጋጃሉ። የትኛውን ታሪክ ይምረጡ? እንዴትስ ያቅርቡት? ክብደቱ የሚታወቀን ተመልካቹ ማን እንደ ሆነ ስናስብ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚመጣው ሕዝብ በዕድሜና በዕውቀት ተለይቶ አይመጣም። በእናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን አለ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት የተቀመጡ እናቶች አሉ፤ ምርኩዛቸውን የተደገፉ አረጋውያን አሉ፤ ለመሄድ እየቸኮለ ከኋላ የቆመ ጎረምሳም አለ። ሁሉም የሚያዩት አንድ መድረክ ነው። «ይህ ለሕፃናት አይሆንም» ብለን ልጆቹን የምንልክበት ሌላ አዳራሽ የለንም። ስለዚህ ምርጫው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት፣ ድርሰቱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ መደረግ ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ በየአጥቢያው ሁለት ዓይነት ድርሰት ይበዛል። የመጀመሪያው ሳቅን ብቻ የሚፈልግ ነው። በቴሌቪዥን የታየ ቀልድ እንዳለ ይገለበጣል፤ የገጠር ሰው አነጋገር፣ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ወገን ዘዬ፣ የአካል ጉዳተኛ አረማመድ፣ የሰካራም መንገዳገድ የሳቅ ምንጭ ይሆናል። ጸያፍ ቃል ስላልተነገረበት ብቻ ንጹሕ ድርሰት ይመስለናል። ሁለተኛው እንዳይሳሳት በመፍራት ምንም የማይናገር ነው። ደጉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግ፣ ክፉውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ክፉ ሆኖ ይቆይና በፍጻሜው አንድ ተዋናይ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ምክር ያነብባል። ይህን ተውኔት ማንም አይቃወመውም፤ ወደ ቤቱም ይዞት የሚሄድ የለም።

ከሁለቱ የተለየውን መንገድ ቅዱስ መጽሐፍ ያሳየናል። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት ይገባል። የተፈጸመው በደል እጅግ ከባድ ነው፤ የሰው ሚስት ተወስዳለች፤ ባሏ ኦርዮም በጦር ግንባር እንዲሞት ሆን ተብሎ ተደርጓል። ናታን ግን ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት በግ ተረከ። በጊቱ ከድሃው እንጀራ ትበላ፣ ከጽዋው ትጠጣ፣ በብብቱም ትተኛ ነበር። ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ እንግዳ በመጣበት ጊዜ ከራሱ መንጋ ማረድ ሳስቶ የድሃውን በግ ወሰደ። ንጉሡ ሰምቶ ተቆጣ፤ በባለጠጋውም ላይ ፈረደ። ያን ጊዜ ነቢዩ ፍርዱ በማን ላይ እንደ ወደቀ ገለጠለት።

በዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። ናታን ኃጢአቱን አላቃለለም፤ ቅሚያው፣ የልብ ጭካኔውና የድሃው ኀዘን ሁሉ በተረቱ ውስጥ አሉ። ሆኖም ሕፃን አጠገቡ ቢቀመጥ ኖሮ ሊሰማው የማይገባ አንድ ቃል አልተናገረም፤ መኝታው አልታየም፤ ሰይፉም አልታየም። ደግሞም የተበደለችውን ሴት በአደባባይ አላቆመም፤ ፍርዱን የተሸከመው በዳዩ ነው። ለቤተሰብ ሁሉ የሚሆን ተውኔት የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ከባዱን እውነት ሳይሸሽግ፣ ሕፃንም ሽማግሌም ሊሰማው በሚችል ታሪክ የሚናገረውን። የድርሰት ምራጫችንም በአጭሩ የናታንን በግ መፈለግ ነው ማለት እንችላለን።

ይህ ጎዳና ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ መምህራኖቻችን ወርቁን በሰም ውስጥ አኑረው መምከርና መገሠጽ ያውቁበት ነበር። የአማርኛ ቴአትርም የተጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ያቀረቡት «ፋቡላ» የዘመኑን አስተዳደር ጉድለት በአራዊት አፍ ያናገረ ነበር፤ መታገዱም መልእክቱ ከጆሮ መግባቱን ያስረዳል። በቅኔ ትምህርት ቤት ያደጉት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከተውኔቶቻቸው አንዱን «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» ብለው ሰይመውታል፤ ስሙ ብቻውን ለእኛ መመሪያ ሊሆን ይችላል። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማ ደግሞ በ«ጠልፎ በኪሴ» ጠለፋን የሚያህል ከባድ ጉዳይ በሳቅ አንሥተዋል።

እንግዲህ አንድ ድርሰት በእጃችን ሲገባ ልንጠይቃቸው የሚገቡን ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ታሪኩ የሚናገርለት ሰው ከተመልካቹ መካከል ተቀምጦ ይሆንን? የሚለው ነው። ወደ ዐረብ ሀገር ስለሚሄዱ እኅቶቻችን የሚሠሩትን ተውኔቶች እንመልከት። ብዙውን ጊዜ ልጅቱ የወላጆቿን ምክር ንቃ ትሄዳለች፤ መከራ ይደርስባታል፤ አእምሮዋ ታውኮ ትመለሳለች፤ ዐረብኛና አማርኛ እየቀላቀለች ስትናገር ሕዝቡ ይስቃል። በሦስተኛው ረድፍ ግን ከቤይሩት ወይም ከሪያድ የተመለሰች እኅት ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ወንድሟ የተማረው፣ የወላጆቿም ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በላከችው ገንዘብ ነው። አጠገቧ እናቷ አሉ፤ ታናሽ እኅቷም አለች። ያ ሳቅ ለእርሷ ምን ይነግራታል? ከዚያ ቀን በኋላስ ወደ ጉባኤው ትመጣለችን? ታናሽ እኅቷስ አንድ ቀን መከራ ቢደርስባት ለማን ትናገራለች?

በጉን ስንፈልግ ይኸው ታሪክ ሌላ መልክ ይይዛል። መድረኩ ላይ አንድ ቤት ይታያል። ቡና ሲፈላ ደላላው ይመጣል፤ የጎረቤቱን አዲስ ቆርቆሮ በጣቱ ያሳያል። አባት መሬቱን አስይዞ ለመበደር ይስማማል፤ አጎት በልጅቱ ዕድሜ ላይ ዓመት ጨምሮ ወረቀት ያስወጣል፤ እናት ዝም ትላለች። ልጅቱን ምን እንደምትፈልግ የሚጠይቃት የለም። ድብደባ አይታይም፤ የሚያሳፍርም ነገር አይነገርም። ሕፃኑ ታሪኩን ይከታተላል፤ አባት ራሱን ያያል፤ የተመለሰችውም እኅት አንገቷን ሳትደፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በኤች አይ ቪ ላይ የሚሠሩ ተውኔቶችም እንዲሁ መመርመር ይኖርባቸዋል። ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጡ የኖሩ አሮጌ ድርሰቶች ቫይረሱ በደሙ ያለበትን ሰው ሁሉ በመጨረሻው ገቢር ይቀብሩታል። መድኃኒቱ በሀገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ግን መድኃኒታቸውን በአግባቡ የሚወስዱ ወገኖቻችን ሠርተው ይኖራሉ፤ እናቶች በሕክምና ክትትል ከቫይረሱ ነፃ የሆኑ ልጆችን ይወልዳሉ። ስለዚህ ያ ፍጻሜ ዛሬ እውነትነት የለውም። ከዚህም የሚብሰው ታማሚው መድኃኒቱን ጥሎ በጠበል ብቻ ሲድን የሚያሳየው ድርሰት ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ አስተምረዋል። ከዚህ የሚወጣ ድርሰት የሰው ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ በመድረክ ላይ የሚታየው ምንድን ነው? ከመጋረጃ በስተጀርባ የሚቀረውስ? የሚለው ነው። ለዚህ የዮሴፍ ታሪክ ታላቅ አስተማሪያችን ነው። በውስጡ የወንድማማች ቅንዓት፣ የሰው ንግድ፣ የዝሙት ፈተና፣ የሐሰት ክስና እስራት አለ፤ እነዚህ ሁሉ የዘመናችንም ችግሮች ናቸው። ወንድሞቹ በ20 ብር ሸጡት። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚሄድበትን እንመልከት። ያዕቆብ የልጁን መከራ አላየም፤ በፍየል ደም የተነከረ ቀሚስ ነው የመጣለት። የጲጥፋራም ሚስት ክስ የቆመው በእጇ በቀረው ልብስ ነው። ሁለት ጊዜ በዮሴፍ ልብስ ሐሰት ተነገረ። ወጣቶቻችን አንዲት ቀሚስና አንድ ነጠላ ይዘው ከባዱን ታሪክ ሁሉ ማሳየት ይችላሉ ማለት ነው። ከዚያም በጥጋቡ 7 ዓመታት እህል አከማችቶ ለራቡ 7 ዓመታት መጠበቅ ይመጣል፤ ስለ ጎተራና ስለ ቁጠባ የምናስተምረው ትምህርት ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ያገኛል?

በዚሁ መንገድ የናቡቴ የወይን ቦታ ስለ መሬት ቅሚያ፣ የሩት ታሪክ ስለ ስደተኛና ስለ ባልቴት፣ የዘኬዎስ ታሪክ ስለ ጉቦ ሊያነጋግሩን ይችላሉ። የሶስናን ታሪክ የሚመርጡ ወጣቶች የአትክልቱን ስፍራ ትተው በሸንጎው ቢጀምሩ፣ ዳንኤል ሁለቱን ሐሰተኞች ለየብቻ ሲጠይቃቸው ሕፃናት ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የምንስቀው በማን ነው? የሚለው ነው። ሳቅ ከቅጥራችን አይባረርም፤ ተመልካቹን የሚያነቃው፣ ሕፃናቱንም የሚስበው እርሱ ነው። ሆኖም በድሃው ልብስ ከመሳቅ ይልቅ በድግሱ ብዛት ዕዳ በገባው ባለቤት መሳቅ ይሻላል፤ በሚንተባተበው ከመሳቅም በጉረኛው መሳቅ ይሻላል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ልማድ ማንሣት ያስፈልጋል። ሰይጣንን ለመወከል የተዋናይን ፊት በከሰል ማጥቆር፣ ወይም ሚናውን ሁልጊዜ መልኩ ጠቆር ላለው ልጅ መስጠት በብዙ ቦታ ይታያል። ይህ ልጁን ያቆስላል፤ ሕፃናቱንም የሰውን መልክ ከክፋት ጋር እንዲያያይዙ ያስተምራል። የፈታኙን መምጣት ድምፅ ብቻ ሊገልጠው ይችላል።

አራተኛው ጥያቄ ስለ ተዋንያኑ ነው። ተመልካቹን ስንጠብቅ በመድረኩ ላይ ያሉትን ልጆች መዘንጋት አይገባንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለመቃወም ብለን የ13 ዓመት ልጅ ሙሽራ አድርገን ለሳምንታት ስናለማምዳት በነፍሷ ላይ ምን እንደምንጭን እንጠይቅ። የሙሽራይቱ ዝም ያለ ጫማና ደብተር በመድረኩ መካከል ቢቀመጥ ይበቃል። አባቱ በመጠጥ ለተጎዳ ልጅም የሰካራም አባትን ሚና ከመስጠታችን በፊት ቤቱን እንወቅ። ልምምዱ ሳይመሽ ይጠናቀቅ፤ ሴቶች ልጆች በጨለማ ብቻቸውን አይሂዱ፤ ወላጆች ልጃቸው ምን ሚና እንደ ተሰጠው አስቀድመው ይስሙ።

አምስተኛው ጥያቄ ስለ ቅድስና ነው። ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን በመድረክ ላይ አይኮረጁም፤ ንዋያተ ቅድሳትም ለተውኔት ቁሳቁስ አይሆኑም። የጌታችንንና የእመቤታችንን ታሪክ በሚነካ ጊዜ የአጥቢያውን አባቶች ምክር መጠየቅ ይገባል። ጸሎትን አስመስሎ ለሳቅ ማቅረብ፣ በክፉ መንፈስ የተያዘን ሰው ጩኸት ለማስፈራሪያ መጠቀም፣ ሁለቱም የሕዝቡን እምነት ያቀላሉ፤ የታመመውንም ያሳፍራሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ፍጻሜው ነው። በድርሰቶቻችን ክፉ ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ ይሞታል ወይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ንስሓ ይገባል። ጌታችን ስለ ጠፋው ልጅ በተናገረው ምሳሌ ግን ታላቁ ወንድም በውጭ ቆሟል፤ አባቱም እየለመነው ነው፤ መግባቱ አልተነገረንም። ይህን ፍጻሜ የሚሰማ ቤተሰብ በመንገዱ ሳለ መነጋገሩ አይቀርም። ልጅ አባቱን «ገባ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ተውኔቱ ሥራውን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ወጣት አስተባባሪ ብቻውን ሊሸከመው አይችልም። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ካህን፣ አንዲት እናት፣ ከተዋንያኑ አንድ ወጣት፣ ስለ ጉዳዩም የሚያውቅ አንድ ባለሙያ፣ ለምሳሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም መምህር፣ በአንድነት ተቀምጠው ድርሰቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡት። በዝምታ ሲነበብ የተሸሸገው ነገር በድምፅ ሲነበብ ይገለጣል። እናቲቱ በአንድ ቃል ላይ ካፈረች ቃሉ ይለወጥ፤ ባለሙያው ስሕተት ካገኘ ይታረም፤ ወጣቱ «ይህ አሰልቺ ነው» ካለም ይደመጥ። ሕዝቡ የሚናገረው ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ በሆነበት አጥቢያም ተውኔቱ በሕዝቡ ቋንቋ ይዘጋጅ።

የተወደዳችሁ፤ ይህ ሥራ ከውኃ ጉድጓዱና ከችግኝ ጣቢያው ያነሰ የልማት ሥራ አይደለም። ቤተሰብ በአንድነት ተቀምጦ ከባዱን ነገር ያለ ኀፍረት የሚሰማበት ቦታ በሀገራችን ብዙ የለም። ያን ቦታ እግዚአብሔር በእጃችሁ ሰጥቷችኋል። ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ በመደርደሪያችሁ ያሉትን ድርሰቶች አውጥታችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች እንድትመረምሯቸው አደራ እንላለን።

አገልግሎታችሁን ይባርክልን፤ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።