ስለ እናት እባብ አጠባበቅና ስለ እንቍላልዋ ምርመራ
(በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)





 የመረጥነው አርእስት ምናልባት ጥቂቶቻችሁን ያስደነግጥ ይሆናል፤ ይኸውም ሰው በቤቱ የሚያረባት ሴት እባብ እንቍላል መያዝዋ፥ ከያዘችም ከምን ደረጃ መድረስዋ እንዴት እንደሚታወቅ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደ ተባለው፥ በአገራችን እባብ ከታየ ዱላ ይነሣል እንጂ፥ እንቍላል ይዛለች ወይስ አልያዘችም ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛም እባብ አናረባም፤ በየቤታችሁ አርቡ ብለንም አንመክርም። ነገር ግን በሥነ ሕይወት ትምህርታችን ምክንያት ይህን ነገር ስናጠና ለሰው ሁሉ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር ስላገኘንበት፥ ከእናንተ ጋር ልንካፈለው ወደድን።

ላም የሚያረባ ገበሬ ይህን ዓይነቱን ዕውቀት አያጣውም። ላሚቱ ከኮርማ ጋር የተገናኘችበትን ቀን በልቡ ይይዛል፤ ዳግመኛ ኮርማ አለመፈለግዋን ያያል፤ የሆድዋን መስፋትና የጡትዋን መሙላት ይመለከታል። የእባብ ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። እባብ ጡት የላትም፤ ስትታመም አትጮኽም፤ ፊትዋም ደስታዋንና ጭንቀትዋን አይናገርም። ስለዚህ ጠባቂዋ ጥቂት ምልክቶችን አስተውሎ ካልተረዳ በቀር፥ የሚረዳበት ጊዜ ያልፍበታል።

ለምሳሌ የምንወስደው ቦል ፓይተን የተባለውን የዘንዶ ወገን ነው። ቦል ማለት በእንግሊዝኛ ኳስ ማለት ሲሆን፥ ይህ እባብ ሲፈራ ራሱን በመካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ስሙን ከዚሁ አግኝቷል። የሳይንስ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ፥ ማለት ንጉሣዊ ዘንዶ ነው፤ ጆርጅ ሾ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ሊቅ በ1802 ዓ.ም. ለሳይንስ አስተዋወቀው። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እባቡ መርዝ የለውም፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው። አገሩ አፍሪካ ሲሆን፥ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ዩጋንዳ ድረስ ይገኛል። በቤኒን አገር በዊዳ ከተማ የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ አለ፤ በዚያ አካባቢ ሕዝቡ ይህን እባብ ያከብረዋል እንጂ አይገድለውም። ይሁን እንጂ ይኸው እባብ ከጋና፥ ከቶጎና ከቤኒን ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ በብዛት ይሸጣል። ስለዚህም ንግዱ በ1973 ዓ.ም. በዋሺንግተን በተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት መሠረት ቁጥጥር ይደረግበታል። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች በቤታቸው ያረቡታል፤ በማዳቀልም ልዩ ልዩ መልክ ያላቸውን እያስገኙ ይሸጣሉ።

የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው ሴቲቱ ከወንድ ጋር ከመገናኘትዋ በፊት ነው። ብልህ አርቢ በሚዛን ይመዝናታል። ክብደትዋ 1500 ግራም ያህል ካልደረሰ፥ ዕድሜዋም ወደ ሦስት ዓመት ካልተጠጋ፥ ወንድ አያስገባባትም። ምክንያቱ በሒሳብ ይታያል። አንድ እንቍላል 80 ግራም ገደማ ቢመዝን፥ ስድስት እንቍላል የጣለች እናት 480 ግራም ከሰውነትዋ አወጣች ማለት ነው፤ ይህም ወደ ክብደትዋ ሢሶ ይጠጋል። በዚህም ላይ ብዙዎቹ እናቶች በእነዚያ ወራት ምግብ ስለሚተዉ፥ ለአስኳሉ የሚሆነውን ስብ የሚያወጡት ቀድሞ ካከማቹት ነው። ስንቅ ያልያዘ ሰው ረዥም መንገድ እንደማይጀምር ሁሉ፥ የከሳች እባብም ለመራባት አትታሰብም። ይህን ምርመራ የዘለለ አርቢ በኋላ የሚያደርገው ምርመራ ሁሉ ብዙ አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። በሴት እባብ ሆድ ውስጥ ሁለት እንቍልጢዎች አሉ። ሰውነትዋ ጠባብና ረዥም ስለ ሆነ ጎን ለጎን አልተቀመጡም፤ የቀኙ ወደ ራስዋ ቀድሞ፥ የግራው ወደ ጅራትዋ ቀርቶ ይገኛል። በእነርሱም ላይ ትንንሽ የአስኳል ፍሬዎች ተደርድረዋል። እነዚህ ፍሬዎች በዕረፍት ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያንሳሉ፤ የመራባት ወራት ሲደርስ ግን አስኳል እየሞላባቸው ያድጋሉ፤ ለመለቀቅ ሲቃረቡም ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ዳሩ ግን ያደገ ፍሬ ሁሉ እንቍላል አይሆንም። ሁኔታው ሳይስማማት ከቀረ ፍሬው ተመልሶ በሰውነትዋ ሊመጠጥ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ፍሬ አየሁ ብሎ ነገ እንቍላል መቍጠር አይገባም።

የፍሬውን ማደግ ለማወቅ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው በእጅ መዳሰስ ነው። እባቢቱ በጠባቂው መዳፍ ላይ በራስዋ ፈቃድ ስትሳብ፥ የጣቶቹ ጫፍ ከሆድዋ በታች በቀስታ ይነካታል፤ ፍሬዎቹ ካደጉ እንደ መቍጠሪያ ዶቃ ተራ በተራ ሲያልፉ ይሰማሉ። ነገር ግን ይህ ሥራ ለለመደ እጅ ብቻ የተገባ ነው። ጣቱን የሚጫን ሰው ፍሬውን ሊያፈርጥና እናቲቱን ሊጐዳ ይችላል። ያልለመደ ሰው በቅርብ የበላችውን ምግብ ወይም በአንጀትዋ ያለውን እዳሪ ፍሬ ነው ብሎ ሊሳሳትም ይችላል። እንቍላሉ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ሆድዋን ፈጽሞ አለመዳሰስ ይሻላል።

ሁለተኛው አልትራሳውንድ ነው። ይህ መሣሪያ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰውነት ልኮ፥ ተመልሶ የሚመጣውን የገደል ማሚቶ ወደ ሥዕል ይለውጣል፤ እናቶቻችን በእርግዝናቸው ጊዜ በሐኪም ቤት የሚመረመሩበት መሣሪያ ነው። የእንስሳት ሐኪም በእባቢቱ ቆዳ ላይ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን ሲያስጠጋ የፍሬው ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካል። በየጊዜው የተለካው ቍጥር በመዝገብ ሲሰፍርም ፍሬው እያደገ፥ ወይም ባለበት ቆሞ፥ ወይም እየተመጠጠ መሆኑ ይታወቃል።

ሦስተኛው መንገድ መመልከት ነው፤ ገንዘብ የማይጠይቅ፥ ትዕግሥት ግን እጅግ የሚጠይቅ ነው። ፍሬ የምታሳድግ እባብ ብዙ ጊዜ ምግብ ትተዋለች፤ በማደሪያዋ ቀዝቃዛውን ስፍራ ትመርጣለች፤ የውኃ ሳሕንዋን ከብባ ትተኛለች፤ አንዳንድ ጊዜም ሆድዋን ወደ ላይ ገልብጣ ትገኛለች። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምግብ መተው የበሽታም ምልክት ሊሆን ይችላልና። ምልክቶቹ ከክብደትዋና ከቀኑ ጋር ተያይዘው በመዝገብ ሲጻፉ ግን አንዱ ሌላውን ይመሰክርለታል።

ከዚህ በኋላ ታላቁ ቀን ይመጣል። ፍሬዎቹ ከእንቍልጢው ሲለቀቁ የእባቢቱ ሰውነት ከመካከሉ ጀምሮ ትልቅ ምግብ የዋጠች እስክትመስል ድረስ ያብጣል። ይህ እብጠት አንድ ቀን ያህል ብቻ ስለሚቆይ፥ በየቀኑ የማይመለከት ጠባቂ ሳያየው ያልፈዋል። ያየው ግን ቀኑን ይጽፋል፤ ቍጥሩም ከዚያ ይጀምራል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እባቢቱ ቆዳዋን ትለውጣለች። ቆዳዋን ከለወጠችም በኋላ በአንድ ወር ገደማ እንቍላልዋን ትጥላለች። እብጠቱ ያመለጠው ሰው እንኳ የቆዳውን ቀን ከያዘ የመውለጃዋን ጊዜ አያጣውም፤ እርጥበት ያለው መውለጃም አስቀድሞ ያዘጋጅላታል።

ክቡራትና ክቡራን፥ ቀን መቍጠር ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ በዚህ ስፍራ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ እንቍላል በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ጊዜው ሲያልፍ፥ ወይም ጥቂቱን ጥላ የቀረውን እያማጠች ሳይወጣላት ሲቀር፥ ወደ እንስሳት ሐኪም በፍጥነት መውሰድ ያሻል እንጂ በእጅ መግፋትና መጐተት የለም። ሐኪሙም በመጀመሪያ የሚጠይቀው ቀኑን ነው። መዝገብ የያዘ ጠባቂ ወዲያው ይመልሳል፤ ያልያዘው ግን ይህን ሳምንት ይመስለኛል ይላል። በይመስለኛል ምክንያት የእናቲቱ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል።

እንቍላሎቹ ከተጣሉ በኋላ ጠባቂው ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ያስቀምጣቸዋል፤ በ55 እና በ60 ቀን መካከልም ይፈለፈላሉ። ዶሮ እንቍላልዋን ታገላብጣለች፤ የእባብ እንቍላል ግን ፅንሱ በላይኛው ወገን ስለሚጣበቅ መገለበጥ የለበትም። በጨለማ ቤት መብራት ሲያስጠጉበት ቀያይ የደም ሥሮች ከታዩ ሕይወት አለው ማለት ነው። እናቲቱም በዚያው ቀን ትመዘናለች፤ ያጣችው ክብደት እስኪመለስ ድረስም ዳግመኛ ከወንድ ጋር አትገናኝም።

እናቲቱ ከእንቍላልዋ ጋር ብትተው ተጠቅልላበት ትጠብቀዋለች። ሊቃውንት ስለ ዘንዶ እናቶች ብዙ የተረዱት ሳይነኩ በመጠበቅ ነው። በ1841 ዓ.ም. በፓሪስ አሺል ቫላንሲየን የተባለው ሊቅ እንቍላል በታቀፈች ዘንዶ ጥቅልል መካከል ሙቀት ለክቶ፥ በዙሪያው ካለው አየር የበለጠ ሆኖ አገኘው። በ1966 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የተመራመሩ ሊቃውንትም የሕንድ ዘንዶ ይህን ሙቀት የምታገኘው ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች መሆኑን አስረዱ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ሊቅ ግራሃም አሌክሳንደር፥ በአገራችን ቆላ ለሚገኘው ዘንዶ የቅርብ ዘመድ ስለሆነው የደቡብ ዘንዶ ሲያስረዱ፥ እናቲቱ በፀሐይ ሞቃ ወደ ጉድጓድዋ በመመለስ እንቍላልዋን እንደምታሞቅ፥ ግልገሎቹ ከተፈለፈሉም በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አብራቸው እንደምትቆይ ጻፉ። ጨካኝ የምንላት ፍጥረት በረኃብ ቆይታ ልጆችዋን ታሞቃለች።

ተፈጥሮ ደግሞ አዋቂውንም ያስደንቃል። በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የአራዊት ማኖሪያ ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ቦል ፓይተን፥ ቢያንስ 15 ዓመት ከወንድ ጋር ሳትገናኝ፥ ሰባት እንቍላል ጣለች። ሴት እባብ የወንዱን ዘር በሰውነትዋ ልታቆይ፥ አንዳንድ ጊዜም ያለ ወንድ ልትራባ ትችላለች። የጠባቂዎችዋ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ግን ነገሩ አስደናቂ መሆኑ እንኳ አይታወቅም ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? ምርመራ ለሁለት ዓላማ ሊደረግ ይችላል። አንዱ መርማሪ ስንት ግልገል እንደሚሸጥ ለማወቅ ይቸኩላል፤ በየዕለቱ እያነሣ ይዳስሳታል፤ በየዓመቱም እንድትወልድ ያስገድዳታል። ሌላው መርማሪ ምን እንደሚያስፈልጋት ለማወቅ ይመለከታታል፤ ይመዝናታል፤ ይጽፋል፤ ከዚያም ይተዋታል። የሁለቱም ሚዛንና መሣሪያ አንድ ነው፤ እናቲቱን በሕይወት የሚያቆያት ግን ሁለተኛው ነው። እኛም ነገ ሐኪሞች፥ መምህራን ወይም ገበሬዎች ስንሆን፥ በእጃችን የሚወድቀው ፍጥረት ሁሉ ሕመሙን በቃል የሚነግረን አይደለም። በዚያን ጊዜ እንደ ሁለተኛው መርማሪ እንድንሆን ምኞታችን ነው።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን። የእባብ እንቍላል ግን ከተፈለፈለም በኋላ እግር የለው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እግር ባይኖረውም ይሄዳል፤ የሚሄደውም በትዕግሥት ለጠበቀው ነው።