ፈውስና ጥገና



መሐንዲስ ዘወትር የሚጠራው «ጥገና» የተባለው ቃል የማሽንና የመንገድ ሥራ ቃል ብቻ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ «ጠገነ» ሲል የተሰበረ አጥንትን አቃንቶ ማሰርንም ጭምር ማለቱ ነው። ቃሉ የሕክምናንና የምሕንድስናን ሙያ የሚያዛምድ በመሆኑ፣ ዘመዶቹን መመርመር ይበጃል።

«ፈውስ» በግእዝ «ፈወሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው አዳነ፣ ከሕመም አላቀቀ ማለት ነው። «መድኃኒት» ደግሞ «ድኅነ» ከሚለው ይወለዳል፤ በግእዝ መዳንን ሲያመለክት፣ በአማርኛ የሚዋጠውንና የሚቀባውን ነገር ለመሰየም በቅቷል። «ሐኪም» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻው ጥበበኛ ማለት ነው። እንግሊዞች ለፈውስ የሚናገሩት ቃልም «ሙሉ» ከሚለው ቃላቸው ጋር አንድ ሥር አለው፤ ይኸውም መፈወስ የጎደለውን ወደ ሙሉነት መመለስ ነው ለማለት ነው። ስለ ቁስል ሲሆን አማርኛ ደረጃ ይለያል፤ በመጀመሪያ «ጠገገ»፣ በመጨረሻ «ሻረ» ይባላል።

ከሁሉም ይልቅ ለመሐንዲስ ትምህርት የሚሰጠው የወጌሻ ሥራ ነው። ወጌሻ አጥንት አያበቅልም። ስብራቱን ዳስሶ ያቃናል፤ በቀርከሃ ስንጥር ያስራል፤ የሚገጥመው ግን አጥንቱ ራሱ ነው። እስሩ ከላላ ስብራቱ ይጣመማል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደም አግዶ እጅ ወይም እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ስለዚህ ካሰሩ በኋላ ተመልሶ ማየት የጥገናው ግማሽ ነው።

ግዑዙም ነገር በመጠኑ የመሻር ጠባይ አለው። በኮንክሪት ላይ ያለ እጅግ ቀጭን ስንጥቅ ውሃ ሲያገኝ፣ ከውሃ ጋር ሳይዋሐድ የቀረው ሲሚንቶ እንደገና ይሠራል፤ ካልሲየም ካርቦኔትም እየተጋገረ ክፍተቱን ይደፍናል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት፣ በጥንት ሮማውያን አሠራር የተቃጠለ ኖራ ሳይበርድ ተቀላቅሎበት የተሠራ ኮንክሪት፣ 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት የነበረው ስንጥቁ በ2 ሳምንት ውስጥ ተደፍኖ ውሃ ማሳለፉን አቁሟል፤ ኖራው ያልገባበት ግን አልሻረም።

ይሁን እንጂ ይህ ጠባይ ለቀጭን ስንጥቅ እንጂ መሠረቱ ለሰመጠ ግንብ አይበቃም። የመስመጡ ምክንያት ሳይመረመር ስንጥቁን በልስን ሞልቶ ቀለም መቀባት፣ ቁስልን ሳያጥቡ እንደ መጠቅለል ነው። ምክንያቱ እስካለ ድረስ ግንቡ መልሶ ይሰነጠቃል፤ እስከዚያው ግን ነዋሪው ቤቴ ተጠግኗል ብሎ ያለ ሥጋት ይተኛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ይሠራል፤ ልዩነቱ በሽታውን የደበቀው ባለሙያው፣ ጉዳቱን የሚቀበለው ግን ሌላው መሆኑ ነው።

ስለሆነም «ተጠግኗል» የሚለው ቃል በሰነድ ላይ ከመስፈሩ በፊት የጉዳቱ ምክንያትና ተመልሶ የሚታይበት ቀን ሊጻፉ ይገባል። ለዚህም ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። በስንጥቁ ላይ ቀጭን ጄሶ አጋድሞ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ የቆየ ዘዴ ነው። ጄሶው በኋላ ተሰንጥቆ ከተገኘ፣ ግንቡ ገና አልሻረም።