ምርጫ ሰውን ከአገሩ የሚያስወጣው መቼ ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



የመረጥሁት ጉዳይ ለበዓል ቀን ከበድ ያለ ሳይመስላችሁ አይቀርም፤ ዳሩ ግን በክፍላችን ከተነሣ ክርክር የተገኘ ነው። አንድ ቀን ስለ ምርጫ ስንማር አንድ ጓደኛችን እጁን አንሥቶ «ምርጫ በተቃረበ ቍጥር ሰው ፓስፖርቱን የሚያድሰው ለምንድን ነው?» ሲል መምህራችንን ጠየቀ። አንዱ «ፈሪ ስለ ሆነ ነው» አለ፤ ሌላው «ብልህ ስለ ሆነ ነው» አለ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ደወል ተደወለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስከታተል ቆይቼ የደረስሁበትን ዛሬ አቀርብላችኋለሁ። የአገራችንን ካልሆነ በቀር የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ በአፉ የሚሰደደውንና በእግሩ የሚሰደደውን ሰው መለየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ኖቬምበር 8 ቀን 2016 የፕሬዚዳንት ምርጫ ተደርጎ ድምፁ በሚቈጠርበት ሌሊት፣ ወደ ካናዳ የሚገባበትን መንገድ የሚፈልገው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ የካናዳ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት ገጽ ተጨናንቆ ቆመ። ይህን የሰማ ሰው አገሪቱ በማግሥቱ ባዶዋን የምትቀር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ጓዙን ጠቅልሎ የሄደው ሰው ከአገሪቱ ሕዝብ ብዛት ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነበር። የዚህም ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው፣ ካናዳ ለመኖር የሚመጣውን ሠራተኛ በዕድሜው፣ በትምህርቱ፣ በሥራ ልምዱና በቋንቋ ችሎታው መዝና የምትቀበል ስለ ሆነች፣ ማኵረፍ ብቻውን ቪዛ አያሰጥም። ሁለተኛውና ዋናው፣ በውጤቱ ከተቈጡት መራጮች የሚበዙት በማግሥቱ ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ደመወዛቸውም ቤታቸውም እንደ ነበረ ነበር፤ ከ2 ዓመት በኋላ የምክር ቤት፣ ከ4 ዓመት በኋላም የፕሬዚዳንት ምርጫ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ስለዚህ እንደ ተቈጡ በአገራቸው ተቀመጡ።

እንግዲህ ውጤቱን መጥላት ብቻ ሰውን ከአገሩ የማያስወጣው ከሆነ፣ የሚያስወጣው ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ልውሰዳችሁ። ላይቤሪያና አይቮሪ ኮስት ጎረቤታሞች ናቸው፤ በብዙ ቦታ የሚለያያቸውም ካቫሊ የሚባል ወንዝ ነው። በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖረው ሕዝብ በቋንቋና በዘር የተዛመደ ነው።

በላይቤሪያ በ1989 መጨረሻ ጦርነት ተነሥቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ አይቮሪ ኮስት ተሰደደ። በ1997 ምርጫ ተደረገና የጦር አለቃው ቻርልስ ቴይለር ከመቶው 75 ያህሉን ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ከመራጮቹ ብዙዎቹ ድምፃቸውን የሰጧቸው «ካልተመረጡ ጦርነቱን ይመልሱብናል» ብለው ስለ ፈሩ ነበር። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚባለው እንደዚህ ላለው ጊዜ ነው። ነገር ግን በፍርሃት የተሰጠ ድምፅ ሰላምን አላጸናም፤ ጦርነቱ እንደ ገና ተነሣ፤ ሰላም ሆነ ብሎ ከተመለሰው ሕዝብም ብዙው ዳግመኛ ተሰደደ።

ጦርነቱ በ2003 በስምምነት ቆሞ በ2005 ሌላ ምርጫ ተደረገ። በመጨረሻው ዙር የተወዳደሩት ወይዘሮ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍና በእግር ኳስ ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው አቶ ጆርጅ ዊሃ ነበሩ። ወይዘሮ ሰርሊፍ ከመቶው 59 ያህል ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። አቶ ዊሃ ግን ምርጫው ተጭበርብሯል ብለው ከሰሱ፤ ደጋፊዎቻቸውም በዋናው ከተማ በሞንሮቪያ ሰልፍ ወጡ። ሕዝቡ «ደግሞ ምን ይመጣብን ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ፣ አቶ ዊሃ በዲሴምበር ወር ክሳቸውን ተዉት። ከ2004 ጀምሮ ስደተኞችን ወደ ላይቤሪያ ይመልስ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የስደተኞች ኮሚሽንም ሥራው በ2007 ሲፈጸም ከ100,000 የሚበልጡ ሰዎችን አስመልሶ ነበር። አቶ ዊሃ በ2017 ተመርጠው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2023 ደግሞ በጥቂት ድምፅ ሲሸነፉ መሸነፋቸውን በራዲዮ ለሕዝብ ተናግረው ሥልጣናቸውን አስረከቡ።

አሁን ድንበሩን እንሻገር። አይቮሪ ኮስት ኖቬምበር 28 ቀን 2010 የፕሬዚዳንት ምርጫ አደረገች። የምርጫ ኮሚሽኑ አላሳን ዋታራ አሸንፈዋል ሲል፣ የሕገ መንግሥቱ ምክር ቤት ከሰሜን የመጣውን ድምፅ በከፊል ሰርዞ ሎራን ባግቦ አሸንፈዋል አለ። ሁለቱም በአንድ ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙና አገሪቱ ሁለት ፕሬዚዳንት ያላት ሆነች። በዚህ ጊዜ በድንበር የሚኖረው ገበሬ ምን አደረገ? ትልቁ ውጊያ ገና ሳይጀመር፣ ምርጫው አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ 14,000 ያህል ሰው ወደ ላይቤሪያ ተሻገረ። ይህ ሕዝብ ከጥቂት ዓመታት በፊት የእርስ በርስ ጦርነት ያየ ስለ ነበረ የሚመጣውን አስቀድሞ ዐወቀ። ባግቦ በኤፕሪል 2011 እስኪያዙ ድረስ 3,000 ያህል ሰው ሞተ፤ የተሻገረውም ከ100,000 በላይ ሆነ። ወደ መጨረሻው ከተሻገሩት ብዙዎቹ የተሸነፈው ወገን ደጋፊዎች ነበሩ። የተቀበሏቸው የላይቤሪያ መንደሮች ነዋሪዎችም ከእነርሱ ብዙዎቹ ቀድሞ በአይቮሪ ኮስት ተሰደው የኖሩ ስለ ሆኑ ቤታቸውንና ምግባቸውን አካፈሏቸው።

ድንበሩ አንድ፣ ሕዝቡም ዘመዳሞች ሆነው ሳሉ፣ አንዱ ምርጫ ሲያልፍ ስደተኛው ወደ አገሩ መመለሱን ቀጠለ፤ ሌላው ምርጫ ግን ሰውን አሰደደ። ልዩነቱን ያመጣው ያሸነፈው ሰው ማንነት ብቻ አይደለም፤ የተሸነፈው ያደረገውና በተሸናፊው ላይ የሚደረገው ነገር ነው። አባቶቻችን «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» ይላሉ። በምርጫ መውደቅ እንደ ዛፍ መውደቅ በሆነበት አገር፣ የወደቀው ምሣሩን ሳይጠብቅ ይሸሻል፤ ወይም ላለመውደቅ ሲል አገሩን ያቃጥላል።

እኛስ? ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአገራችን ሕዝብ ረጅም ሰልፍ ይዞ ድምፁን ሰጠ። በውጤቱ ላይ ክርክር ተነሥቶ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ፤ በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሞቱት ሲቪሎች 193፣ ፖሊሶች ደግሞ 6 መሆናቸውን ገለጸ። የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ከተፈቱ በኋላ ወደ ውጭ አገር ከወጡት ሌላ፣ ከአጣሪ ኮሚሽኑ አባላት እንኳ የተሰደዱ አሉ። ከክፍላችን ያን ጊዜ የተወለደ ተማሪ የለም፤ የዚያ ዘመን ፍርሃት ግን ከወላጆቻችን ወደ እኛ ወርዷል።

ከአገር የሚወጣው ሁሉ በምርጫ ምክንያት ይወጣል ማለቴ አይደለም። ሥራ ፍለጋ፣ ለትምህርት ወይም ዘመድ ጠርቶት የሚሄደው ብዙ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ እንድትንጠለጠል» እንደሚባለው፣ ፓስፖርቱን አድሶ በሣጥን የሚያስቀምጥም አለ። ይህን ሰው ፈሪ ብለን ከመስደባችን በፊት፣ አንዱ ባላ ይሰበራል ብሎ የሠጋበትን ምክንያት ብንጠይቀው ይሻላል።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት የተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ስናደርግ እኔ የደገፍሁት ተማሪ አሸነፈ። የተሸነፈው ልጅ በግቢው ባለፈ ቍጥር እየሣቅን ያገኘውን ድምፅ ቍጥር እንደ ስሙ አድርገን እንጠራው ነበር፤ ጎበዝ ተጫዋች ሆኖ ሳለ ከእግር ኳስ ቡድኑም አስወጣነው። በአዲሱ ዓመት ትምህርት ሲከፈት መቀመጫው ባዶ ነበር፤ ቤተሰቦቹ ከሠፈሩ ሳይለቁ እርሱ ሌላ ትምህርት ቤት ገብቶ አገኘሁት። «ለምን ሄድህ?» ብዬ ስጠይቀው «መሸነፉንስ ችዬው ነበር» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም በአፌ ዲሞክራሲ እያልሁ በእጄ ምሣር ይዤ እንደ ነበር ያን ቀን ገባኝ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱ ግን አልተመለሰም።

ወላጆቻችን፣ መምህሮቻችን፤ የአገርን ምርጫ ማስተካከል ዛሬ በእኛ በተማሪዎች እጅ አይደለም። የክፍል አለቃ ስንመርጥ፣ በክርክር ስንረታና ስንረታ፣ በኳስ ስናሸንፍ ግን የተሸነፈውን አብሮን እንዲቀመጥ ማድረግ በእጃችን ነው። ይህን ያልተማረ ልጅ አድጎ ድምፅ ሰጪ ወይም ተመራጭ ሲሆን ከየት ያመጣዋል?

ለጓደኛችን ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ሰው ፓስፖርቱን የሚያድሰው ፈሪ ወይም ብልህ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ቢሸነፍ በአገሩ ለመኖር ቦታ ማግኘቱን ስለሚጠራጠር ነው። ያን ጥርጣሬ ከእርሱ ላይ የሚያነሣለት አሸናፊው ነው።